ዲ ድራይቭ የት ገባ?

ስልኬ የጮኸው ሊኑክስ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራው ሲስተም በተጫነልኝ ማግስት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የጋብቻ ወረቀታቸውን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎምኩላቸው ደንበኛዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ያቺ ወረቀት ደግሞ ተፈለገች። ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። አንቺ ጋ አለች አይደል?»

«እንዴታ እትዬ፣ አሁኑኑ እልክልዎታለሁ።»

ድሮ ቢሆን የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። ዲ ድራይቭ ይከፈታል፣ «ሥራ 2» ውስጥ ይገባል፣ ወደ ታች ወረድ ብሎ በግራ በኩል። ስሙን እንኳ አላነብም፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ዲ የለም። ሲ ድራይቭም የለም። የቤት ምልክት ያለበት አንድ ፎልደር አለ፣ ውስጡ ደግሞ ባዶ ፎልደሮች ተደርድረዋል። ሲስተሙን ለጫነልኝ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ።

«ዲ ድራይቭ የት ገባ?»

«እቴቴ፣ ሊኑክስ ላይ እኮ ዲ የሚባል ነገር የለም። ግራ ዳር ላይ 420 ጂቢ ቮልዩም የሚል አለ አይደል? እሱን ተጫኚው።»

ተጫንኩት። ፋይሎቼ በሙሉ አሉ። ግን አቀማመጣቸው ሌላ ነው። «በግራ በኩል ወረድ ብሎ» የሚባል ነገር የለም። የኔ አሠራር ለካ በቦታ የማስታወስ እንጂ በስም የማግኘት አልነበረም። ሰርች ላይ «ጋብቻ» ብዬ ጻፍኩ። 61 ፋይል መጣ፣ የሳቸው የለበትም። «ምስክር ወረቀት» አልኩ። የለም። ማታ አራት ሰዓት ላይ አንድ በአንድ እያየሁ ስወርድ አገኘኋት። ስሟ «የምሥክር ወረቀት ወሮ አዲሱ» ነው። ጋብቻ የሚል ቃል የላትም። «ምስክር» ብዬ ስፈልግ ያልመጣችው ደግሞ ያኔ በንጉሡ ሥ ስለጻፍኳት ነው። ለኛ አንድ ድምፅ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሥ እና ስ እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው።

ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ሲስተም መቀየሩ አላስቸገረኝም፤ እንዲያውም ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ አሥራ ሁለት ዓመት በእጅ ልምድ ብቻ ስጠቀምበት የኖርኩት የፋይል ክምር ነው።

ለምን ቀየርሽ ለሚለኝ ባጭሩ ልናገር። የላፕቶፔ ፕሮሰሰር ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፤ ቆየት ያለ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኔን ዓይነት ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ማሽኑ ግን ይሠራል። አዲስ ላፕቶፕ መግዣ የለኝም፣ ቢኖረኝም ጣሪያዬን አሳድስበታለሁ። የተጫነልኝ የሊኑክስ ዓይነት፣ ሊኑክስ ሚንት 22፣ ነፃ ነው፣ ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ሞከርኩት፤ ሲበራ «የትኛውን?» ብሎ ይጠይቃል።

ጎን ለጎን ለሚያደርግ ሰው አንድ ነገር ልናገር፣ እኔን ሁለት ቀን ስላባከነኝ። ከሊኑክስ ሆኜ የዊንዶውሱን ክፍል ስከፍት ፋይሎቹን ማየት እችላለሁ፣ ማስተካከል ግን አልችልም። ስም ልቀይር ስል «ለንባብ ብቻ ነው» ይለኛል። ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ዊንዶውስ ሹት ዳውን ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በፍጥነት ለመነሳት እንዲመቸው ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ይሄ ነው። ሊኑክስ ደግሞ የተኛ ሰው ቤት ገብቶ ዕቃ አያንቀሳቅስም። መፍትሔው ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ በፓወር ቅንብሩ ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሺፍትን ተጭኖ ሹት ዳውን ማድረግም ይበቃል።

ሦስት ሳምንቱ ሲያልቅ ዊንዶውሱን ለማጥፋት ወሰንኩ። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ። 212 ጂቢ ነው። ማታ ለቅቄው ተኛሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ብቻ ነው የሚኖረው። ጠዋት ስነሳ ኤክስተርናሉ ላይ ብዙ ፋይል አለ፤ የትኛው ደረሰ፣ የትኛው ቀረ የሚለውን የሚያውቅ የለም። ይባስ ብሎ አንዱ ትልቅ ፋይል ስሙ አለ፣ ሲከፈት ግን ግማሹ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው። ፎልደሩን ለሚያይ ሰው ሁሉም ሙሉ ይመስላል።

የእህቴ ልጅ መጥቶ በአርሲንክ አስጨረሰልኝ። አርሲንክ በትእዛዝ የሚሠራ የኮፒ ፕሮግራም ነው። ጥቅሙ፣ ሁለቱን ወገን አወዳድሮ የቀረውን ብቻ መውሰዱ ነው። መብራት ቢጠፋ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ መስጠት ነው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ጥቁር ስክሪን ላይ መጻፍ ያስጠላኛል፤ ይቺን አንዲት መስመር ግን በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያለሁ። ካለቀ በኋላ ከየፎልደሩ ሃያ ፋይል ዝም ብዬ እየመረጥኩ ከፈትኩ። ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ የወንድሜ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው ፎርማት የተደረገው። አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ድፍረቱን አደንቃለሁ።

አሁን ወደ ማደራጀቱ ልግባ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ሁሉንም ባንድ ቅዳሜና እሑድ ለማደራጀት መነሳቴ ነው። ቡና አፍልቼ፣ ልጆቹን እናቴ ጋ ልኬ ተቀመጥኩ። ማታ ላይ የደረስኩት የ2009ን ፎቶ እያየሁ ማልቀስ ላይ ነው። ሥራው ፈቅ አላለም።

ስለዚህ ተውኩትና ሌላ ዘዴ ያዝኩ። አዲሱ ሲስተም ላይ አንድ ፎልደር ከፈትኩ፤ ስሙ «ጓዳ»። የድሮውን ክምር እንዳለ እዚያ ከተትኩት። ማንም አይነካውም፣ አይደረደርም። ከጎኑ አራት ባዶ ፎልደሮች አሉ፦ «ስራ»፣ «ቤት»፣ «ገንዘብ» እና «ፎቶ»። ሕጉ አንድ ነው። አንድ የድሮ ፋይል ሲያስፈልገኝ ከጓዳ አወጣዋለሁ፣ አዲስ ስም እሰጠዋለሁ፣ ቦታው አስቀምጠዋለሁ። ያልተጠራ ፋይል እዚያው ይተኛ። በመጀመሪያው ወር ካወጣሁት ውስጥ አብዛኛው የዘጠኝ ደንበኞች ፋይል ነበር።

ክምሩን ከኤክስተርናሉ ወደ ሊኑክሱ ኮፒ ሳደርግ ግን አንዳንዱ ፋይል እምቢ አለ። «የፋይሉ ስም በጣም ረጅም ነው» ይላል። ዊንዶውስ ላይ ለዓመታት የኖረ ስም እዚህ እንዴት ረዘመ? አንዱ ይኸውላችሁ፦ «ስለ አካባቢ ጥበቃና ማኅበረሰብ ተሳትፎ የተዘጋጀ የሥልጠና ማንዋል ሦስተኛ ክፍል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ በአርታዒ የታየና እርማት የገባበት ለኅትመት የሚላክ የመጨረሻ ቅጂ»። አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አልክድም።

ምክንያቱን ሳውቅ ገረመኝ። ዊንዶውስ የስሙን ርዝመት የሚቆጥረው በፊደል ነው፣ እስከ 255። ሊኑክስ ደግሞ የሚቆጥረው በባይት፣ ማለትም ፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው፣ እስከ 255 ባይት። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል። የኛ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ 255 ለሦስት ሲካፈል 85 ፊደል ብቻ ነው የሚኖረን። ያ ማንዋል ክፍት ቦታው ሳይቆጠር 94 ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ይሄ ችግር ጨርሶ አይገጥመውም፣ ለዚህም ይመስለኛል ስለሱ የነገረኝ ያልነበረው። እምቢ ያሉትን ኤክስተርናሉ ላይ እያሉ ስማቸውን አሳጥሬ መልሼ ኮፒ አደረግኩ። 17 ነበሩ።

ስም ካልን አይቀር ይሄንን በሰፊው ልበል፣ ሥራው ያለው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው የቀን ጉዳይ ነው። የኔ ፎልደሮች ውስጥ «2016» የሚል ሁለት ቦታ አለ። አንዱ የኛ 2016 ነው፣ ሌላው የፈረንጅ። በመካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከፍቼ ካላየሁ አላውቅም። አሁን የሥራ ፋይል በሙሉ በኛ አቆጣጠር ነው። ግብር የምከፍለው በኛ አቆጣጠር ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ደንበኛም «ባለፈው ጥር ያሠራሁት» ነው የሚለኝ። ፎቶን አልነካሁም፤ ስልኩ ራሱ በፈረንጅ ቀን ይሰይመዋል፣ እንዳለ ይኑር።

ወርን በስም አልጽፍም፣ በቁጥር ነው። ኮምፒውተር ወራትን በፊደል ተራ ስለሚደረድር ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፣ ጥቅምት ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ይወድቃል። ስለዚህ መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13። ዓመቱ መጀመሪያ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ በመሃል ሰረዝ። እኛ የለመድነው እዝባር፣ ማለትም 12/5/2014 ዓይነቱ፣ ፋይል ስም ላይ አይሠራም፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም አይፈቅዱትም።

እዝባሩ ሌላም ጣጣ አለው። አማርኛ ውስጥ ስንት ነገር በእዝባር ነው የሚያጥረው? ወ/ሮ፣ መ/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ት/ቤት። ፋይል ስም ላይ ስለማይቻል አንዴ «ወሮ»፣ አንዴ «ወ.ሮ»፣ አንዴ «ወይዘሮ» ብዬ ጽፌያለሁ። የኔ ቢጤ ሰነድ ተርጓሚ በዚህ ምክንያት ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ የሚቆጥር የለም። አሁን ማዕረግ ጭራሽ አልጽፍም። አክብሮቱ በስልክ ይደረጋል።

ቀጥሎ ሞክሼዎቹ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ፋይል ስም ላይ ከየቡድኑ አንዱን ብቻ ነው የምጠቀመው፦ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ። ለዚህ ነው ፎልደሬ «ስራ» የሚለው። ሰነዱ ውስጥ «ሥራ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ዓመትንም በዐይኑ ዓ እጽፋለሁ። የአማርኛ አስተማሪዬ ፎልደሮቼን ቢያዩ ያዝኑ ነበር። ግን ፎልደር ድርሰት አይደለም፣ ለማግኘት ነው። ሚንት ላይ ቡልኪ የሚባል የብዙ ፋይል ስም ባንዴ የሚቀይር ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ፋይሎቹን መርጦ «ሥ» በ«ስ» ይተካ ማለት ነው። ሰባቱም የፊደል ዘር ለየብቻ ስለሆነ ትንሽ ያሰለቻል፣ ግን የአንድ ምሽት ሥራ ነው።

ጋብቻ ወረቀቷ አሁን «2014-07-12 ጋብቻ» ብላ ትጀምራለች፤ ከዚያ የደንበኛዋ ስም፣ ከዚያ «አማ-እን»፣ መጨረሻ ላይ «የተላከ»። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ከፋይል ስም አግጄዋለሁ። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ትክክለኛው»፣ «አሁን የመጨረሻ» እያልኩ ኖሬ አንዴ ለአንድ ድርጅት የተሳሳተውን ልኬያለሁ። አሁን ረቂቅ 1፣ ረቂቅ 2 እያለ ይሄዳል፣ ከእጄ የወጣው ብቻ «የተላከ» ይባላል።

የድሮ አማርኛ ሰነድ ያለው ሰው ደግሞ ይሄን ያንብብ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጻፉ ፋይሎቼ ሲከፈቱ አማርኛ አይደሉም። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ጉድ ነው። ቫይረስ አይደለም፣ ፋይሉም አልተበላሸም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ስንጽፍ ኖርን። በእነሱ የተጻፈው ነገር ሥሩ የላቲን ኮድ ነው፤ ፎንቱ ነው አማርኛ የሚያስመስለው። ፎንቱ ከሌለ ጭምብሉ ይወልቃል።

ስለዚህ ዊንዶውስን ከማጥፋታችሁ በፊት የፎንት ፎልደሩን ኮፒ አድርጉ። እኔ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሊኑክስ ላይ ፎንቱን ሁለቴ ተጭኖ «ጫን» ማለት ነው፣ በዎርድ ፈንታ የምንጠቀመው ሊብሬኦፊስም ያነበዋል። ቢሆንም ሰነዱ ውስጥ በአማርኛ ሰርች ማድረግ አይቻልም፤ ውስጡ አማርኛ የለማ። እነዚህን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍቼ ፒዲኤፍ አደረግኳቸው፣ ስማቸውን በደንብ በአማርኛ ጻፍኩ። በጣም የምፈልጋቸውን ሰባት ብቻ በዩኒኮድ እንደገና ተየብኩ። በዩኒኮድ የተጻፉትም ቢሆኑ ገጻቸው ትንሽ ይዛወራል። በኒያላ የጻፍኩት ፎንቱ ሲቀየር አሥር ገጽ የነበረው አሥራ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ለሕትመት የሚሄድ ከሆነ ፒዲኤፉን አብሮ ማስቀመጥ ነው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገርም አለ። መሳቢያዬ ውስጥ ሾርትከት ቫይረስ በልቶታል ብዬ የጣልኩት ፍላሽ ነበር። ታውቁታላችሁ፤ ኮፒ ቤት ይሰካል፣ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ሊኑክስ ላይ ሰካሁት። ሾርትከቶቹ አሉ፤ ከነሱ ጋር ግን ስም የሌለው አንድ ፎልደር ይታያል። ከፈትኩት። የ2011 ሥራዬ በሙሉ ተቀምጧል። ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም፣ ደብቆት ነበር። ሊኑክስ የሚደብቀው ስሙ በነጥብ የሚጀምረውን ነው፤ የዊንዶውስን መደበቂያ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የዊንዶውሱ ቫይረስም እዚህ አይነሳም። የምፈልገውን ወስጄ ፍላሹን ፎርማት አደረግኩት። በዚሁ ምክንያት በየፎልደሩ ያልጠራችሁት ዴስክቶፕ ዶት አይኤንአይ የሚባል ፋይል ብታዩ አትደንግጡ። እሱም ዊንዶውስ ላይ ተደብቆ የኖረ ነው። ማጥፋት ይቻላል።

ቴሌግራምን ልርሳው ነበር። ዳውንሎድ ፎልደሬ ውስጥ ቴሌግራም ብቻውን 1,400 ፋይል አስቀምጧል፣ ግማሹ የሌላው ፋይል ቅጂ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር ብቻ ተጨምሮበታል። ችካቭካ (Czkawka) በሚባል ፕሮግራም ድግግሞሹን አስለየሁት። ስሙን ሳይሆን ይዘቱን ነው የሚያወዳድረው፣ ስለዚህ ሁለት ስም ያለው አንድ ፋይልም ይያዛል። መሰረዙን ግን ለራሱ አልተውኩለትም፣ እያየሁ ነው ያጠፋሁት። ለአንድ ሥራ ሁለት ፎልደር ውስጥ ሆን ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ደንበኛዬ ከቀጠሯቸው ሲመለሱ ደወሉ። ወረቀቷ አልፋለች። «ልጄ፣ የልጄንም የልደት ወረቀት ሠርተሽልኝ ነበር መሰለኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ገና አላደራጀሁም ነበር፤ መቼም መርቀውኝ ስለዘጉ ማታውን ቁጭ ብዬ ፈለግኩት። አሁን ቢደውሉ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ጓዳው ውስጥ ዛሬም ወደ 9,000 ፋይል አለ። በዚህ ሳምንት ሁለት ብቻ አወጣሁ። ባክአፑን በየአርቡ ማታ በዚያችው በለጠፍኳት መስመር ወደ ኤክስተርናሉ እሰደዋለሁ። ኤክስተርናሉ ሲሰካ ግራ ዳር ላይ በስሙ ይመጣል፣ ስሙን ደግሞ ራስ መስጠት ይቻላል። ባለፈው የእህቴ ልጅ መጥቶ ስክሪኑን ሲያይ ሳቁ መጣ። ስሙን «ዲ» ብዬዋለሁ።